የኮንሶ ዋካዎች ሳይሰረቁ ይመዝገቡልን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ኮንሶ ሄጄ ካራት ያለውን ሙዚየም አየሁት፣ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፍላችሁ። ቤቱ ትልቅ አይደለም ግን ውስጡ ያሉት ዋካዎች ሰውን ቀጥ አድርገው ያስቆማሉ። ለማያውቅ፣ ዋካ ማለት ጀግና ወይም ትልቅ ሰው ሲሞት ለመታሰቢያው ከእንጨት ተጠርቦ የሚቆም ሐውልት ነው። ዓይኑን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሱን ከአጥንት ነው የሚሰሩት። አንዱን ጠጋ ብዬ ሳየው አንድ ዓይኑ ወልቆ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል፣ ግን አሁንም አፍጥጦ ያያል።

ዋካ ደግሞ ብቻውን አይደለም የሚቆመው። ጀግናው መሃል ሆኖ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ጭምር አብረውት ይቆማሉ፣ የሰውየው ታሪክ የሚነበበው ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሌባ ግን ለዚህ ምን ገዶት፣ ዓይኑ የገባለትን ነቅሎ ይሄዳል፣ ጀግናው ወዲያ ሚስቲቱ ወዲህ ይቀራሉ። ሙዚየሙ ውስጥም ተሰርቀው ከተወሰዱ በኋላ የተያዙ አሉ። መያዛቸው እሰየው ነው፣ ግን ከማን መቃብር ላይ እንደተነሳ ካልታወቀ ለየትኛው ቤተሰብ ነው የሚመለሰው?

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ገና በየመንደሩ የቆሙት ሁሉ ፎቶ ይነሱና የሟቹ ስም፣ ጎሳው፣ የቆመበት ቦታ፣ ከታወቀም የጠረበው ሰው፣ ሽማግሌዎቹ በህይወት እያሉ ይጻፍ። ይሄ ብዙ በጀት አይፈልግም፣ ስልክ የያዙ የአካባቢው ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ጋር ሆነው ሊጀምሩት ይችላሉ። እንጨት ስለሆነ ሌባው ቢቀር እንኳ ምስጥና ዝናብ አለ። የኮንሶ እርከንና በድንጋይ የታጠሩት መንደሮች በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘገቡ አገር ሙሉ ደስ ብሎታል፣ ዋካውም እኮ የዛው ህዝብ እጅ ስራ ነው።

ዋካ ለሚገዙ ሰዎችም አንድ ቃል፣ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ ከመቃብር የመጣ ነው» ተብሎ የሚሸጥላችሁን እባካችሁ አትግዙ። ማስታወሻ የፈለገ የኮንሶ ሸማኔ ጋ ሄዶ ቡልኮ ይግዛ፣ ገንዘቡም ሰሪው እጅ ይገባል።

አክባሪያችሁ፣ አንድ አንባቢ