የአይዳን መድረክ በጋራ እንደግፍ

ጣሊያን የምትኖሩ ወገኖቼ፣

ማርኬ ክልል ውስጥ ማቸራታ የምትባል ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ አለች። በየበጋው ስፌሪስቴሪዮ በሚባለው ጣሪያ የለሽ ቲያትሯ ኦፔራ ይታያል። ለዚህ ቲያትር የአቅማችንን እንድናዋጣ ነው ልመናዬ።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እዚያ መድረክ ላይ መጀመሪያ የታየው ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1921 የቀረበው የጣሊያናዊው ሙዚቃ ደራሲ የቬርዲ «አይዳ» ነው። አይዳ ደግሞ ግብፅ ውስጥ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በሦስተኛው ገቢር ብቻዋን ቀርታ አገሯን ዳግመኛ እንዳታይ ሠግታ ትዘፍናለች። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው። የአገር ናፍቆቱን ግን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሕንፃው ራሱ በመዋጮ የተሠራ ነው። መቶ የከተማዋ ሰዎች እንደ እድር ተሰባስበው ወጪውን ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1829 ተመረቀ። የመቶዎቹ ልግስና ፊቱ ላይ ተቀርጾ እስካሁን ይነበባል። ያኔ የታሰበው ለኳስ ነበር። ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ጥርስ ያለው እንጨት አጥልቀው ኳሱን ይመቱ ነበር፤ ኳሱ የሚነጥርበት ግንብ ወደ 90 ሜትር ይረዝማል። ዛሬ ዘፋኞቹ የሚቆሙት እዚያው ግንብ ሥር ነው። ከፊት ለፊቱ አርክቴክቱ ኢሬኔዮ አሌአንድሪ ዓምዶቹን በቅስት ደርድሮ 104 ሎጆች፣ ማለትም ለተመልካች የተከለሉ ትንንሽ ክፍሎች፣ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ቤት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ጥገና ይፈልጋል። ኦርኬስትራውና መዘምራኑም በትኬት ብቻ አይኖሩም።

ሕጉም ያግዘናል። አርት ቦነስ በሚባለው ሥርዓት ከሰጣችሁት 65 በመቶው ከግብራችሁ ይቀነሳል፣ በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ። 100 ዩሮ የሰጠ 65 ዩሮ ያገኛል ማለት ነው። የሚቀነሰው ግን ግብር ለሚከፍል ሰው ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

ገንዘቡን እኔ አልሰበስብም። እያንዳንዳችሁ በስማችሁ፣ በቀጥታ ለቲያትሩ አስገቡ። በባንክ ወይም በካርድ ይሁን፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የግብር ቅናሹ ይቀራል። የአርት ቦነስ ድረ ገጽ ላይ ስፌሪስቴሪዮን ብትፈልጉ አከፋፈሉን ታገኛላችሁ። ደረሰኙን ያዙና ሰባት ሠላሳ የሚባለውን የዓመቱን የግብር ቅጽ ስታስሞሉ ለካፍ፣ ማለትም ቅጹን ለሚሞላላችሁ ቢሮ፣ ስጡ። እስከ ዲሴምበር 31 የገባው በሚቀጥለው ዓመት ይሞላል። ስማችሁ ከሰጪዎቹ ጋር ይጻፍ እንደሆነ ከተጠየቃችሁም «አዎ» በሉ።