በዕረፍቱ ወደ መዝናኛ ፓርክ ለምትጓዙ ወላጆች

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከልጆች ጋር ወደ መዝናኛ ፓርክ የሚደረግ ጉዞን ይመለከታል

ውድ ወላጆች፣

ፈተናው ተጠናቆ ዕረፍቱ ሊጀምር ነው። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ወደ ትልልቅ መዝናኛ ፓርኮች ልትወስዱ እንዳሰባችሁ ገልጻችሁልን፣ እዚያ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ጠይቃችሁናል። የአንደኛ ደረጃ፣ የፊዚክስና የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን በጋራ ያዘጋጁት ምክር እነሆ። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፦ በቀን ስንት መጫወቻ ላይ እንደወጡ መቁጠር አይጠቅምም። ልጅ ከወራት በኋላም የሚያወራው ራሱ የመረጠውን፣ ራሱ የለካውን፣ ቤተሰቡን ራሱ የመራበትን ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት ውስጥ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ውሰዱ፤ የተረፈውን ሰዓት ክፍት ተዉት።

ምርጫው ከቤት ይጀምር። የፓርኩን ካርታ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ አያትም ቢሆኑ፣ «ይህ ከቀረ ቅር ይለኛል» የሚለውን አንድ ነገር ብቻ ያክብብ። አንድ ብቻ መሆኑ ላይ አትደራደሩ። አምስት አምስት የተመረጠ እንደሆነ የማንም ምርጫ ሳይሟላ ይመሻል። በዚያው ምሽት የልጆቹን ቁመት ለኩ። ለመለስተኛ ሮለር ኮስተሮች (በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ለሚፈጥኑ ባቡሮች) የሚጠየቀው ቁመት ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 107 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለትልልቆቹ 120፣ 130፣ አንዳንዴም 140 ይደርሳል። ቁጥሩ የድፍረት መለኪያ አይደለም። መቀመጫው ላይ የሚወርደው የብረት መያዣ ከአንድ መጠን በታች የሆነን ሰውነት በደንብ ስለማይዝ የተቀመጠ ገደብ ነው። ጫማ ውስጥ ጨርቅ መጠቅጠቅም ሆነ ከሠራተኛው ጋር መከራከር ልጁን አደጋ ላይ መጣል ነው። በደንብ ያልለካ ቤተሰብ አንድ ሰዓት ተሰልፎ በር ላይ ይመለሳል፤ የልጁ ለቅሶ ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ ይቆያል።

የመጀመሪያው ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል። በሩ ከመከፈቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ሲከፈት አብዛኛው ሰው መግቢያው አጠገብ ያለው መጫወቻ ላይ ስለሚቆም፣ እናንተ ወደ ዳር ወይም ረጅም ወረፋ ወዳለው አምሩ። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ይከብዳል። የትርዒት ሰልፍ በሚያልፍበት ሰዓት ግን መንገዱ ሲሞላ መጫወቻዎቹ ይቀላሉ። ሰልፉን ማየት ለማይፈልጉ ትልልቅ ልጆች ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ካርታውን ለልጅ አስረክቡ። ከሰባት ዓመት በላይ ያለ ልጅ የወረቀት ካርታ ይዞ ቤተሰቡን አንድ ሰዓት ሙሉ መምራት ይችላል። ወላጅ ከኋላ ይከተላል፤ መንገድ ሲሳት አያርምም፣ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። ይህን ከምሳ በኋላ አድርጉት እንጂ ውዱን የጠዋት ሰዓት አትስጡት። ወረቀቱን የምንመርጠው የስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ስልክ አንድ ሰው ያያል፤ ካርታው ላይ ግን ሁሉም ያጎነብሳሉ።

አሁን የፊዚክስ መምህሮቻችን ወደሚወዱት ክፍል እንምጣ። መዝናኛ ፓርክ ማለት ትልቅ ቤተ ሙከራ ነው፤ የሚያስፈልገው የስልክ የሰዓት መቁጠሪያና እርሳስ ብቻ ነው።

ሰዎችን ከፍ አድርጎ በድንገት የሚለቀው ማማ ከሁሉም ይቀላል። ልጁ መሬት ላይ ቆሞ መቀመጫው ከተለቀቀበት ቅጽበት ፍሬን እስከያዘበት ድረስ ያለውን ሰከንድ ይለካ። ከዚያ ሰከንዱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በ4.9 ያባዛ፤ የሚያገኘው በነጻ የወደቁበት ከፍታ በሜትር ነው። 1 ሰከንድ ወደ 5 ሜትር፣ 2 ሰከንድ ወደ 20፣ 3 ሰከንድ ወደ 44 ሜትር ይሆናል። ስህተት የሚገባው በሁለት በኩል ነው። ጣት ከዓይን ዘግይቶ ስለሚጫን የ0.2 ሰከንድ ልዩነት ብቻ 20 ሜትሩን ወደ 24 ያሳድገዋል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ አንዳንዱ ማማ መቀመጫውን ዝም ብሎ አይለቅም፤ በታመቀ አየር ወደ ታች ይገፋዋል። እዚያ ላይ ስሌቱ ይሳሳታል። ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች ለምን እንደተሳሳተ መፈለጉ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ያስተምራል።

የሚወዛወዘው መርከብ ዘንድ ደግሞ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ ወደዚያው ጫፍ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ሲሞላ፣ አንዴ ጥቂት ሰው ሲጫንበት። ልጆች ሰው የሞላበት የሚዘገይ ይመስላቸዋል፤ ጊዜው ግን ተቀራራቢ ነው። መርከቡ ሲነሳና ሲቆም ሞተሩ ስለሚገፋውና ስለሚይዘው፣ መለካት ያለባቸው በጨዋታው አጋማሽ፣ የሚወጣበት ከፍታ በየውዝዋዜው እኩል ሲሆን ነው። ለትንንሾቹ የሚሽከረከሩት ፈረሶች ይበቃሉ። ከመሐሉ 3 ሜትር ርቆ ያለው ፈረስ በአንድ ዙር ወደ 19 ሜትር ይሄዳል፤ 6 ሜትር ርቆ ያለው 38። ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። አንዴ በውስጠኛው፣ አንዴ በውጪው ላይ አስቀምጧቸውና የቱ ፈጠነ ብላችሁ ጠይቁ።

ሮለር ኮስተር ላይ መውጣት ለማይፈልግ ልጅም ብዙ ሥራ አለ። ባቡሩ በሰንሰለት ወደ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ድምፅ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ያ ድምፅ ከማስፈራት ይልቅ ያረጋጋዋል። ወረፋ ላይ ሳላችሁ የቆመውን ባቡር ከጎን ተመልከቱ፤ ጎማዎቹ ከሐዲዱ በላይ፣ ከጎንና ከታች ሦስት ዓይነት ናቸው። ባቡሩ ቢገለበጥም ከሐዲዱ የማይለየው በእነዚህ ነው። በሰንሰለት የሚጎተተው ዓይነት የመጀመሪያው ኮረብታ ብዙውን ጊዜ ከቀሩት የሚበልጠውም ከዚያ በኋላ የሚገፋው ሞተር ስለሌለ ነው። ከ30 ሜትር ቢወርድ፣ ሰበቃ ባይኖር ኖሮ፣ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር።

ባቡሩ ተገልብጦ የሚዞርበትን የሐዲዱን ቀለበት እንዲስሉ ጠይቋቸው። አብዛኛው ልጅ ሳያይ ክብ ይስላል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አምስት ደቂቃ የተመለከተ ግን ላዩ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ያለ መሆኑን ያገኛል። በ1895 በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ የተከፈተው ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ ሮለር ኮስተር ቀለበቱ ፍጹም ክብ ስለነበር የተሳፋሪዎችን አንገት ይጎዳ ነበር። ከብረት ቱቦ በተሠራ ሐዲድ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቀለበት በ1976 በካሊፎርኒያው ማጂክ ማውንቴን መዝናኛ ፓርክ ሲከፈት፣ ንድፉን ያወጣው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል ቅርጹን እንደ ውሃ ጠብታ አደረገው። የልጁ ንድፍ ያማረ ባይሆንም ግድ የለም፤ ይዞልን ይምጣ።

የወደዱትን አንድ ሮለር ኮስተር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሳፈሩበት፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ። ፊተኛው ጫፉ ላይ ደርሶ ገደሉን እያየ ለአፍታ ይንጠለጠላል። ኋለኛው፣ ፊተኞቹ ቀድመው ስለወረዱ፣ ጫፉን በፍጥነት ተጎትቶ ስለሚያልፍ ከመቀመጫው ይነሳል። በእኛ ግምት አንድን በሁለት መንገድ ማወቅ አራት ልዩ ልዩ መጫወቻ ከመሞከር ይሻላል።

ስለ ፍርሃት ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። «ምንም አይልም» ብሎ ማታለል፣ ወይም በታናሹ ፊት «ፈሪ» ማለት፣ የዚያን ዕለት ብቻ ሳይሆን የቀረውን ጉዞ ሁሉ ያበላሻል። ከትንሹ ጀምሩ። ሦስት ባቡር ሙሉውን ዙር ሲሄድ አብራችሁ ቁማችሁ እዩ፤ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት ይይ። መያዣው እስኪቆለፍ ድረስ መመለስ እንደሚችል ቃል ግቡለት፤ መሳፈሪያው ላይ መውጫ አለ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ብዙ ፓርኮች አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ቆይቶ ሌላው ሲመለስ እንደገና ሳይሰለፍ በተራው እንዲሳፈር ይፈቅዳሉ፤ መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ።

መኪና የሚያመው ልጅ መጫወቻም ያመዋል። ዓይን የሚያየውና የውስጥ ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሲለያይ ሆድ ይረበሻል። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት በተለይ ይጠቃሉ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከከፍተኛ ሮለር ኮስተር ይልቅ ባሉበት የሚያሽከረክሩት የሻይ ስኒዎችና ወንበሩ ከስክሪን ጋር የሚነቃነቅባቸው ክፍሎች ይብሳሉ። ስክሪኑ ፊት ከሆነ ዓይኑን ይጨፍን፤ ስኒው ውስጥ ከሆነ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ፊት ትክ ብሎ ይይ። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ባዶ ሆድም አይጠቅምም። መድኃኒት ልትሰጡት ካሰባችሁ ሐኪም አማክራችሁ ይሁን።

ትልቁን ተሽከርካሪ መንኮራኩር ሲመሽ ለመሳፈር አስቀሩት። ከላይ ሆነው ልጆቹ የሚያዩትን በወረቀት ይሳሉ፣ ከዚያ ከካርታው ጋር ያስተያዩ። ለሒሳብ ወዳጆች፦ ጆርጅ ፌሪስ በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ ያቆመው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መንኮራኩር ከፍታው 80 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው እስከ 60 ሰው የሚይዙ 36 ሣጥኖች ነበሩት። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጭን እንደነበር ወረፋ ላይ ያስሉ።

ፎቶን በተመለከተ፣ በሮለር ኮስተር ላይ የሚያነሳው ካሜራ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ነው። ብልጭታውን ከመሬት ሆናችሁ ካገኛችሁት፣ መላው ቤተሰብ አንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ ለምሳሌ መጽሐፍ የሚያነብ መስሎ፣ አስቀድሞ መስማማት ይችላል። ስልክ በእጅ ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው፤ በዚያ ፍጥነት የወደቀ ስልክ ከኋላ ያለን ሰው ይጎዳል።

እያንዳንዱ ልጅ ኪሱ የሚገባ ደብተር ይያዝ። ከእያንዳንዱ መጫወቻ ሲወርድ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ የሰማው፣ የሸተተው፣ ሆዱ የተሰማው። «በጣም ደስ ይላል» የሚለው አይቆጠርም። ጊዜው የሚቀጥለው ወረፋ ላይ ነው፤ ማታ ይጽፋል ብላችሁ ካቆያችሁት ይተኛል። ከፓርኩ ደግሞ ለራሱ ፖስት ካርድ ይላክ። ብዙ ጊዜ ሳይላክ የሚቀረው አድራሻውን በቃሉ የሚያውቅ ስለሌለና ቴምብር ስለማይገኝ ነውና አድራሻውን ከቤት ጽፋችሁ ያዙ፤ ቴምብሩን በመጀመሪያው ቀን ፈልጉ።

የቀረውን ባጭሩ። አዲስ ጫማ አታድርጉላቸው፤ በቀን ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ የተለመደ ነው፣ እግር ውሃ ይቋጥራል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ መጫወቻ በኋላ ይታደስ። ቅያሪ ካልሲ በላስቲክ ከረጢት ይያዝ። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበቃዋል፤ እኩለ ቀን ላይ አስወጥታችሁ አሳርፉት።

ስለ መጥፋት ግን አናሳጥርም። ጠዋት በሩ ላይ ልጁን በዚያን ቀን ልብሱ ሙሉ ቁመቱን ፎቶ አንሱ፤ ተደናግጦ የሚፈልግ ወላጅ የሸሚዝ ቀለም ይረሳል። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በማይለቅ እስክርቢቶ ጻፉ፤ ስሙን ግን በግልጽ ከሚታይ ቦታ አታድርጉ። ልጁ ሦስት ነገር ይወቅ፦ ባለበት መቆም፣ የስም መታወቂያ ያደረገ የፓርኩን ሠራተኛ መጥራት፣ ከሌላ ሰው ጋር ከዚያ ቦታ አለመነሳት። «እንዲህ ብትጠፋ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ አንዴ አስለምዱት።

የመጨረሻውን ሰዓት ደክሞ በሚያለቅስ ልጅ ወረፋ አትጨርሱት። ብዙ ፓርኮች ከመዝጊያው ሰዓት በፊት የተሰለፈን ያሳፍራሉና፣ ልጁ የከበበውን ምርጫ ለዚያ ሰዓት ማቆየት ትችላላችሁ፤ መጫወቻው በብልሽት ቀድሞ ሊዘጋ እንደሚችል ግን ንገሩት፣ ምትክም አብራችሁ ያዙ።

ወደ ፓርክ የማይሄዱ ተማሪዎች እንዳሉን እናውቃለን። ከላይ ያለውን ልኬት በተራ ዥዋዥዌና በሸርተቴ ማድረግ ይቻላል፤ ዥዋዥዌው እንዲያውም ሞተር ስለሌለው የጠራ ውጤት ይሰጣል። ዕረፍቱን ከትምህርት መጀመሪያ ቀን በኋላ ማራዘም ግን በዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም። ደብተሩን፣ የቀለበቱን ንድፍና የማማውን ልኬት ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍል ኃላፊ መምህራን አስረክቡ። ማርክ የለውም፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር