ጨለማ ቤት በመድረክ ላይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የብቻ እስርን ጉዳት በቲያትር ስለማሳየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ግን የሚጎድለው ነገር አለ።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ እስረኛን በቀን ለ22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ለይቶ ማቆየትን የብቻ እስር ይለዋል። ከ15 ተከታታይ ቀናት ካለፈም ይከለክላል። ቁጥሩን ማንም አንብቦ ያልፈዋል። አንድ ተዋናይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ጋር ሲያወራ ቁጭ ብሎ ያየ ተመልካች ግን በቀላሉ አይረሳውም። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ሳራ ሹርድ ኢራን ውስጥ በኤቪን እስር ቤት 410 ቀናት ለብቻዋ ታስራለች። ከተፈታች በኋላ በአሜሪካ የብቻ እስርን ያሳለፉ ሰዎችን አነጋግራ የጻፈችው ቲያትር እ.ኤ.አ. በ2016 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ታይቷል። እንዲህ ያለውን ድርሰት በምናብ ብቻ መጻፍ ይከብዳል።

ቲያትሩ ለቀድሞ እስረኞች ፈውስ ይሆናል በሚለው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለወራት የሚሰማው ያጣ ሰው ሲደመጥ እፎይ ሊል ይችላል። ያንኑ ስቃይ በየምሽቱ እንዲደግመው ማድረግ ግን ቁስሉን መቀስቀስ ሊሆን ይችላል፤ ጭብጨባ ደግሞ ሕክምና አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቲያትር የሚያዘጋጁ ሁሉ ከልምምድ ጀምሮ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመድቡ። ታሪካቸውን ላካፈሉ የቀድሞ እስረኞችም ይክፈሉ። የፊት ወንበሮችን ለሕግ አውጪዎችና ለእስር ቤት ጠባቂዎች ይያዙላቸው፤ ከትርኢቱ በኋላም ከእስረኞቹ ጋር ፊት ለፊት ያወያዩአቸው።