ችካሉ ተተክሏል፤ እሳቱን ማን ያጥፋ?

ክቡር አዘጋጅ፦

የከተማችን ምክር ቤት በቅርቡ ወደ ከተማው በተካለሉት የገጠር ቀበሌዎች ለሚነሳ እሳት ተጠሪው ማን እንደሚሆን ከአጎራባቹ ወረዳ ጋር መነጋገር ጀምሯል። እኔ የምኖረው ደቡብ ወሎ ውስጥ ከእነዚሁ ቀበሌዎች በአንዱ ነው። ትናንት ገብስ ይታጨድበት የነበረው ማሳ ዛሬ በፕላን «መኖሪያ» ተብሎ ችካል ተተክሎበታል።

ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የጭድ ክምር ተቀጣጠለ። ከተማ ደወልን፤ «ቀበሌው ገና ርክክብ አልተደረገበትም፣ ለወረዳው ንገሩ» ተባልን። ወረዳ ደወልን፤ «እናንተ ወደ ከተማ ተካልላችሁ የለም እንዴ?» የሚል መልስ አገኘን። ስልኩን የያዘው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ለፋፊ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጄሪካን፣ እንስራና አካፋ ይዞ ወጣ። አንድ ጎልማሳ በማጭድ የበሬዎቹን ገመድ እየቆረጠ ከበረት አስወጣቸው። ሌሎቹ እሳቱ ወደ ቤቱ እንዳይሻገር የማድ ቤቱን ክዳን መናድ ሲያመነቱ፣ ባልቴቷ ራሳቸው «አፍርሱት ልጆቼ፣ አፍርሱት!» አሉ። ቤቱ ተረፈ። ማድ ቤቱና የዓመቱ የከብት ቀለብ ግን አመድ ሆነ።

ስለዚያ ሌሊት ስም ጠርቼ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ስልኩን ያነሱት ሰዎች በእጃቸው ባለው ወረቀት መሠረት ትክክል ነበሩ፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። መሬቱ ሲወሰድ የቀረ ዝርዝር አልነበረም። ለቤቱ፣ ለሰብሉና ለባሕር ዛፉ ካሳ የሚሰላበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ፤ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚተላለፍበትም አዋጅ አለ። ለልኬታው ቀን ተቆረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ፊርማ ተፈረመ። ጎጆ ቢቃጠል የሚደርሰው ማን እንደሆነ የሚል አንድ መስመር ግን አልተጻፈም።

ወረዳው ግብሩ ከእጄ ከወጣ ነዳጁን ለምን እችላለሁ ይላል። ከተማው ደግሞ መንገዱ ሳይከፈት መኪናዬን በየት ላስገባ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ንግግሩ ካርታ ላይ መስመር በማስመር ብቻ ካለቀ እኛን አይጠቅመንም። በወሎ መልክዓ ምድር ቅርብና ሩቅ በካርታ አይታወቅም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ሹፌር ግን ውሃ የሞላ መኪና 600 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ይነግራችኋል። የእኛም ሰፈር ከማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ሆነው ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ በመካከሉ ግን ገደል አለ፣ መኪና የሚመጣው ዞሮ ነው። ስለዚህ ወሰኑ የሚለካው በደቂቃ ይሁን። ቀበሌው የማንም ይሁን የማን፣ ቶሎ ሊደርስ የሚችለው መኪና ቀድሞ ይውጣ፤ የነዳጁና የአበሉ ሒሳብ በየሦስት ወሩ ይተሳሰብ። በደም የሚፈላለጉትን ወገኖች አበጋር የሚባሉትን የባህል ሽማግሌዎች አስቀምጦ የሚያስታርቅ አገር የነዳጅ ሒሳብ ሊያቅተው አይገባም።

የውሃው ጉዳይ በንግግሩ ውስጥ ጨርሶ መነሳቱን አልሰማሁም። 5 ሺህ ሊትር የጫነ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር የሚረጭ ቱቦ ከከፈተ በ10 ደቂቃ ባዶውን ይቀራል። ከዚያስ የት ሄዶ ይቀዳል? ወደ ከተማ ተመልሶ ከሆነ ጠፋ የተባለው እሳት እንደገና ይነሳል። በቀበሌያችን ለመስኖ የተቆፈረ፣ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ አለ፤ መኪና ተጠግቶ የሚቀዳበት ግን አይደለም። ጥቂት የጠጠር መንገድና ለቱቦው የሚስማማ መግጠሚያ ይበቃዋል።

ጊዜም የለንም። በአዲሱ ሽንሸና የእንጨትና የጭቃ ቤቶች በባሕር ዛፍ መካከል እየተጠጋጉ ተሠርተዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ ነፋስ እሳት ከያዘው ከጭድ ክምሩ የባሰ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ መጥተው አውድማው ሲሞላ ይህ ጉዳይ ገና «በሂደት ላይ» ተብሎ እንዳይቆየን ምክር ቤቱን እለምናለሁ። ቢያንስ የሚደወልበት አንድ ቁጥር ይሰጠን። አዲስ አበባ 939 ይደወላል፤ የእኛ ቁጥር በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ነዋሪ እንዲገባ ከተፈቀደ ከቅሬያችን ሁለት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የጉድጓዱን ቁልፍ የሚይዘውም ሰው አብሯቸው ይሆናል።

ከደቡብ ወሎ፣ ጡረታ የወጣ መምህር