የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ ሳይመረመር አይሸጥ፣ ሳይመረመርም አይጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳላሳልፍ አነባለሁ። ዘመኑ የእነሱ ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን እኔ በምሠራበት በኮምቦልቻ፣ ከወረኢሉም ከደላንታም ወርዶ ጋራዥ ደጃፍ የሚቆመው አሁንም የናፍጣ መኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ሰው በእጁ ያለችውን መኪና ሞተር እያሳደሰ መኖር ግድ ሆኖበታል። የምጽፈውም በዚህ እድሳት መካከል ብዙ ሰው ስለሚከስርበት ጉዳይ፣ ስለ ተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ፣ ሲሊንደሮቹን አቅፎ ስለሚይዘው የሞተሩ ዋና አካል ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድ ክሩዘር ሞተር ይዞ መጣ። «ንጹሕ ነው» ተብሎ ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ነጋዴ ላይ የገዛው ነው። ፋሻና ኩሽኔታ ቀይረን፣ ቴስታታውን (ከብሎኩ በላይ የሚገጠመውን የሞተር ክዳን) አስልገን እንድንገጥምለት ፈለገ። ብሎኩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ያረጀ ሞተር አዲስ ቀለም ሲቀባ እኔ ሁልጊዜ እጠረጥራለሁ። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበን በብረት ብሩሽ ስንፈገፍገው፣ ውሃ በሚመላለስበት ክፍል የውጭ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ተቀርፎ ወደቀ።

ቦታውን በነጭ ጋዝ አርሰን ጥቂት አቆየነው። በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገን ጠርገን የተፈጨ ጠመኔ ነሰነስንበት። ለአፍታ ምንም አልታየም። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የነበረው ጋዝ ወደ ጠመኔው መስረግ ጀመረ፤ በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ተሳለ። መስመሩ ስቱኮው ተለጥፎበት ከነበረው ቦታ አልፎ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ለማጅ ልጆቻችን ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚያዩት። ነጭ ጋዝና ጠመኔ የማይገኝበት ከተማ የለም፤ ታዲያ ሻጩም ይህን ማድረግ ይችል ነበር። ስንጥቁን ያወቀው መሆኑን ደግሞ ስቱኮው ራሱ ይመሰክርበታል። ይህ ንግድ አይደለም፣ ማታለል ነው።

ደንበኛው በንዴት «ጣሉት» አለ። አልጣልነውም። የውሃውን መተላለፊያዎች በወፍራም ብረትና በጎማ ዘግተን፣ ብሎኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ከ2 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት አየር ሞላንበት። አረፋ የወጣው ከዚያችው መስመር ብቻ ነው። ሲሊንደሮቹ ደህና ናቸው፣ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች የሚቀመጡበትም ደህና ነው። ስንጥቁ እዚያ ቢሆን ኖሮ እኔም ይጣል ባልኩ ነበር፤ ያን የመሰለ ብሎክ ጠግኖ ሰው ተሳፍሮበት እንዲሄድ ማድረግ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ስንጥቅ ሲያዩ ወዲያው ወደ ብየዳ ይሮጣሉ። አጥብቄ እቃወማለሁ። ብሎክ እንደ በርና መስኮት ብረት አይደለም፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ያለበት፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ የቀለጠው ቦታ ወዲያው ይቀዘቅዝና ደረቅ፣ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁም ከብየዳው ጎን አዲስ መንገድ ያወጣል። መበየድ የግድ ከሆነ ኒኬል ያለበት ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፤ ብሎኩም በሙሉ መሞቅና በአመድ ወይም በደረቅ አሸዋ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት።

እኛ የመረጥነው ያለ እሳት የሚሠራውን ጥገና ነው። በመጀመሪያ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች መብሳት፤ ይህ ካልተደረገ ስንጥቁ መንገዱን ይቀጥላል። ቀጥሎ በመስመሩ ላይ እየበሱ ጥርስ ማውጣት፣ ባለ ጥርስ ብረት አጥብቆ ማሰርና ትርፉን መቁረጥ፤ የሚቀጥለውን ቀዳዳ ደግሞ የፊተኛውን ብረት ጠርዝ እንዲነካ አድርጎ መብሳት። መጨረሻ ላይ ቀጥቅጦ ማስተካከልና እንደገና በግፊት መፈተሽ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ይይዛል። የሞተር ቁጥሩም የተመታው ብሎኩ ላይ ስለሆነ፣ የመኪናው የራሱ ብሎክ ሲተርፍ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ይቆያል።

ለአሽከርካሪዎችም የምለው አለኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። በደሴ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ጭነት የያዘ መኪና የሐረጎን ዳገት ሳይጨርስ ቢያፈላ አያስደንቅም። ያን ጊዜ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ የሚያፈስ ሰው ብሎኩን በገዛ እጁ ይሰነጥቀዋል። እባካችሁ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ። በደጋው በታኅሣሥ ውርጭ የምታሳድሩ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ አትሙሉ፤ ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ብረቱም ቦታ አይለቅለትም። ፀረ ውርጭ ፈሳሽ ከብሎክ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በከተማችን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ የቴክኒክ ኮሌጆችም አሉን። ከእነዚህ አንዱ ለጋራዦችና ለገዢዎች በክፍያ ብሎክና ቴስታታ የሚፈተሽበት ክፍል ቢከፍት ምን ይገደዋል? የሚፈለገው ገንዳ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ኮምፕረሰር፣ የግፊት መለኪያና በየሞተሩ ዓይነት የተቆረጠ መዝጊያ ብረት ነው። ተማሪዎቹ በዚያው ሙያውን ይለምዱበታል። ያገለገለ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴም የፍተሻ ወረቀት አብሮ እንዲሰጥ ንግድ ቢሮው ቢያስገድድልን እንወዳለን። መዝጊያ ብረቶቹን ቆርጦ ለመስጠት እኔ ዝግጁ ነኝ፤ የላንድ ክሩዘሩ ከአሁኑ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቶርኖና የሞተር እድሳት ባለሙያ
ኮምቦልቻ