ለልጄ፣ ስለ ሳልሽ

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፣ ከዘራ ግን አልይዝም ብሏል። ታውቂው የለ።

እሑድ ጓደኛሽ ስትደውል ሳታስበው አመለጣት። «ሳሏ እኮ ወር ሊሞላው ነው» አለችኝ። እሷን እንዳትቆጪያት። እኔ ግን አንቺን ተቆጥቻለሁ። ለካ «ብርዱ ነው እማ» እያልሽ ስልኩን ከአፍሽ አርቀሽ ትስዪ ኖሯል። ልጄ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ነገ ዛሬ አትበዪ።

ስለ ሥራሽ፣ ስለምታጠኚው የጥንት ሰው አጥንት ስታወሪኝ የማልሰማሽ ይመስልሻል። ስክሪዱክላውስቱርን እንደ ሰፈሬ ነው የማውቀው። አይስላንድ፣ ፍልዮትስዳሉር ሸለቆ ውስጥ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1493 የተመሠረተ ገዳም። 60 ዓመት ያህል ቆይቶ የሉተር ትምህርት አገሩን ሲይዝ ተዘጋ። የአይስላንድ መነኮሳት ሲጸልዩና ብራና ሲጽፉ ብቻ የኖሩ ይመስል ነበር አልሽኝ። ከዚያ ፕሮፌሰር ስቴይኑን ክሪስትያንስዶቲር እስከ 2012 ድረስ ቦታውን ሲያስቆፍሩ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አፅም ወጣ። ብዙው በሽተኛ! የሳንባ ነቀርሳ ያለበት፣ ቂጥኝ ያለበት፣ ከውሻ የሚተላለፈው የትል በሽታ ያለበት። መነኮሳቱ የመድኃኒት ተክል ያበቅሉ ነበር፣ ሳማም ሳይቀር። ቁስል የሚበጡበት ትንንሽ ምላጭም ተገኝቷል።

ሜርኩሪው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አጥንታቸው ውስጥ የተገኘው ለመድኃኒት የተሰጣቸው ሳይሆን አይቀርም ስትዪኝ፣ መርዝ እኮ ነው አልኩሽ። «ያላቸውን ነው የሰጡት እማ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ያላቸውን ሰጡ።

እኛስ? ስለ አጎትሽ ስለ ታደለ ሁሉን ነግሬሻለሁ ብዬ ነበር። አልነገርኩሽም። ሳሎን ያለውን ፎቶውን ታውቂዋለሽ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋበትን። ኮቱ የራሱ ነው፣ እሱ ነው የከሳው።

እኔ 13 ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ማታ መሐረቡን ሰጠኝና «ለአባዬ እንዳትነግሪ» አለኝ። ደም ነበረበት። ለአስተማሪነት ሊቀጠር ነበር፣ መታመሙ ከተሰማ ይቀርብኛል ብሎ ፈራ። ከጓሮ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ሆኜ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት። ደም በሙቅ ውኃ እንደማይለቅ ያኔ ነው ያወቅኩት። ሦስት ወር ሙሉ አጠብኩለት። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ንጽሕና ወደደች» እያለች ታመሰግነኝ ነበር። አባቴ ሲያውቅ ታደለ መነሳት አቅቶት ነበር። ሐኪም ቤት «ዘገያችሁ» አሉን። ከዚያ ጸበል ወሰዱት። መነኮሳቱ እንደ ልጃቸው አስታመሙት፣ ሸንኮራ አገዳ ልጠው በእጃቸው ያጎርሱት ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀበረ። መድኃኒቱ አገር ውስጥ ነበር ልጄ። የ13 ዓመት ልጅ አፏን ብትከፍት ኖሮ ይደርስለት ነበር።

ስለዚህ እኔ ፊት ሳል አይደበቅም። ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጉንፋን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ይሁንልኝ። ከአጥንቱ ይዞብሽ ነው አላልኩም። ግን ላብ ሌሊት ያጠምቅሽ እንደሆነ፣ ክብደት ቀንሰሽ እንደሆነ ለሐኪሟ ሳትደብቂ ንገሪያት። አክታም ከጠየቁሽ ስጪ፣ አትፈሪ። ነቀርሳ ቢሆን እንኳ ዛሬ የ6 ወር ኪኒን ነው፣ ሳያቋርጡ መዋጥ ነው።

ጦስኝና ማር በሰው ልኬልሻለሁ። ማሩን ፈልቶ ሳይሆን ለብ ሲል ጨምሪው። የአያትሽን ጋቢ ሌሊት ደርቢው። ፀጉርሽን ታጥበሽ ሳይደርቅ አትውጪ። ጦስኙ ግን ሐኪም አይደለም፣ ጠጥተሽው ሻል አለኝ ብለሽ እንዳትቀሪ።

ባለፈው ነቀርሳ የጎድን አጥንትን ከውስጥ በኩል እንደሚያሻክር፣ በጣትሽ ስትዳስሺው እንደሚታወቅሽ ነግረሽኝ ነበር። ያን ቀን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ታደለን አሰብኩ። የማንም እጅ ሳይደርስበት እዚያው ግቢ ተኝቷል። አንቺ የማታውቂያቸውን ሰዎች አጥንት በዚያ ርኅራኄ ስትይዢ ደስ ይለኛል፣ እኮራብሻለሁም። የራስሽንም ደረት እንደዚያው ያዢው።

ረቡዕ ማታ እደውላለሁ። ከዚያ በፊት ታይተሽ ትጠብቂኛለሽ። ሐኪሟ ያለችውን ቃል በቃል ትነግሪኛለሽ፣ ስልኩንም ከአፍሽ እንዳታርቂ።

እናትሽ