ለደንበኞቻችን፦ ቀለሙ ይቆየን፣ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ግንቦት ሲገባ ስልካችን በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል፦ «ክረምቱ ሳይመጣ ቤቱን ቀለም ቀቡልን፤ ስንት ትሉናላችሁ?» ዋጋ ከመናገራችን በፊት «መጥተን እንየው» ስንል ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ቀለም ብቻ ጠይቃችሁ በዋጋ ማቅረቢያችን ላይ አሸንዳ፣ ቱቦና ቁፋሮ ተጽፎ ስታገኙም ሥራ ልናበዛባችሁ የፈለግን ይመስላል። ምክንያታችንን ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

የሚላጥ ቀለም፣ የሚያብጥ ልስን፣ በግድግዳው ግርጌ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ነጭ ነገር፣ አብዛኛው የውሃ ሥራ ነው። የድንጋይ መሠረት ከአፈሩ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ እየወጣ ብዙ ጊዜ እስከ ጉልበት ከፍታ ይደርስና ሲተን ጨዉን እዚያው ይተወዋል። በላዩ የዘይት ቀለም ከተቀባ መውጫ ያጣው እርጥበት ቀለሙን ገፍቶ ያነሳዋል። እዚህ ላይ ቀለሙም ቀቢውም ጥፋት የለባቸውም። በየዓመቱ እየፋቁ መቀባት ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

እርጥበቱ ከግድግዳው ይሁን ከክፍሉ አየር ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ቆርጣችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ጠብታው ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ነው። በውጭው ገጽ ከሆነ ግን ከምድጃውና ከሻወሩ የሚወጣው እንፋሎት ስለሆነ መስኮት መክፈት ከእኛ ሥራ በላይ ይጠቅማችኋል። ለዚያ አናስከፍልም።

ከዚያ ወደ ጣሪያው እንወጣለን። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊሜትር ቢዘንብበት 3,000 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ትልልቅ ሮቶ ሙሉ ውሃ ይወርድበታል። አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም ኖሮም በቅጠል ከተደፈነ፣ ያ ሁሉ የሚያርፈው መሠረቱ ሥር ነው። አሸንዳ ተሠርቶ መውረጃው ቱቦ የግድግዳው ጥግ ላይ ሲያበቃማ ይብሳል፤ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ መድፋት ነው። ስለዚህ ከቀለም በፊት አሸንዳ ስንጽፍ ቱቦውን እስከ ውጭ ቦይ ድረስ እንጽፋለን። ቆርቆሮው ራሱ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ምስማሮቹን እዩ፤ መመታት ያለባቸው በጉብታው ላይ፣ ከነጎማቸው ነው። ውሃው በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል።

በኮትቻ መሬት ላይ ለሠራችሁ ወይም ልትሠሩ ላሰባችሁ ነገሩ ከበድ ይላል። በአቃቂና በቦሌ በኩል ብዙ ቦታ ያለው ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። ቤቱም በየዓመቱ አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ጭራሽ ልስን አታስነኩት። ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ተከታተሉት። ካደገ ጉዳዩ የመሠረት ነውና ለሳኝ ሳይሆን መሐንዲስ ይየው። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ባለበት የቆመ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስኑ መድረቅ ያመጣው ነው፣ አያስፈራም። በቢሙ (በአግድም በተጋደመው የኮንክሪት ተሸካሚ) እና በብሎኬቱ መካከል በአግድም የሚሄደውም ቢሆን ሁለቱ ነገሮች እኩል ስለማይንቀሳቀሱ የሚመጣ ነው፤ ልስኑን አንስቶ መገጣጠሚያው ላይ የሽቦ መረብ ወጥሮ እንደገና መለሰን ያስፈልጋል።

በኮትቻ ላይ አዲስ ለምትጀምሩ ምክራችን አጭር ነው፦ ጥቁሩን አፈር አውጡ፣ ገረጋንቲ (የማያብጥ የመሙያ አፈር) በየ20 ሳንቲሜትሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ የመሠረቱን ጥልቀት ደግሞ የአፈር ምርመራ ይወስነው። ጎረቤት አንድ ሜትር ቆፍሮ ሠራ ማለት የእናንተም ይበቃል ማለት አይደለም። ቤቱ ካለቀ በኋላ ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያጋደለ የሲሚንቶ ንጣፍ አሠሩ። ከግድግዳው ሥር አበባ መትከልና ማታ ማታ ማጠጣት ያምራል፤ ኮትቻ ላይ ግን መሠረቱን እንደማጠጣት ነው። ባሕር ዛፍ ቤት አጠገብ ካለም በበጋ የአፈሩን ውሃ መጥጦ መሬቱን ያኮማትረዋል።

የሚገርመን ታዲያ፣ ውሃ በማይፈለግበት ቦታ እንዲህ የሚበዛውን ያህል በሚፈለግበት ቦታ መጥፋቱ ነው። ሶሌታና ኮለን (የኮንክሪት ወለልና ምሰሶ) ሲሞላ ሠራተኛው እንዲቀለው ኮንክሪቱ ላይ ውሃ ይጨምራል፤ ይህ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። በማግስቱ ደግሞ መጠጣት ሲገባው የሚያጠጣው ይጠፋል። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውህደት ነውና ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በየሱቁ የሚሸጠው ፒፒሲ የሚባለው የሲሚንቶ ዓይነት ቀስ ብሎ የሚጠነክር ስለሆነ እስከ 14 ቀን ብታደርሱት ይሻላል። ጆንያ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ አርሱት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል እንዳልሆነ ይገባናል፤ እንግዲያው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ሮቶው ይሙላ። ሙሉ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 1 ቶን እንደሚመዝንም አትርሱ፤ ሶሌታ ላይ የምታስቀምጡት ከሆነ ቢም ወይም ኮለን ባለበት ላይ እንጂ መሐል ላይ አይሁን።

አሸዋውንም ፈትኑ። በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ያህል አሸዋ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ናጡና አሳድሩት። ከላይ የሚረጋው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። ሾፌሩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ደንበኞቻችን «በሲሚንቶ ለስኑልን» ስትሉን እምቢ የምንለው ለንቀት አይደለም። ሲሚንቶና ጭቃ አይያያዙም፤ ልስኑ ይነፋል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ የውስጡን እንጨት ያበሰብሰዋል። ጭድ ገብቶበት በደንብ የቦካ ጭቃ፣ ላዩ ኖራ ተቀብቶ፣ ክዳኑ ሰፋ ብሎ ግድግዳውን ከጋረደው፣ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ወጪውም ያንሳል።

በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንድ ነገር ብቻ፦ ሻወር ቤት ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የውሃ መከላከያው ተቀብቶ ሲደርቅ መውረጃውን ደፍናችሁ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ለ24 ሰዓት አቁሙበት፣ ከዚያ ታች ያለውን ጎረቤት ጣሪያውን እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ከጎረቤት ጋር ከመጣላት ይሻላል።

የእኛ አሠራር እንግዲህ ይህን ይመስላል። ዋጋ የምንሰጠው አይተን ነው። ማቅረቢያችን ሁለት ክፍል አለው፤ የውሃው ሥራ መጀመሪያ፣ ማሳመሪያው ቀጥሎ። የመጀመሪያውን ከእኛ፣ ሁለተኛውን ከሌላ ብታሠሩ አይከፋንም። አዲስ ልስን ላይ ከአራት ሳምንት በፊት ቀለም አንቀባም፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ የውጭ ቀለም አንጀምርም። ሲሚንቶና ፌሮ ዋጋቸው አንድ ቦታ ስለማይቆም የምንሰጠው ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀን ነው። የእድሳት ፈቃድ ከወረዳ ማውጣት የባለቤቱ ድርሻ ሲሆን የሚያስፈልገውን ንድፍ እኛ እናዘጋጃለን።

እስከዚያው አንድ ውለታ እንለምናችኋለን። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩና ውሃው ከየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚጠራቀም በስልካችሁ ቀርጻችሁ ላኩልን። የዚያች ደቂቃ ቪዲዮ በፀሐይ መጥተን ከምናየው የበለጠ ያሳየናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ